ሁለት ጣት መስኮት

ቲኬት ቆራጭ ነኝ፣ ከቦታኒካ እስከ ቾካና፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሽቦ ይዞ በሚሄድ መኪና።
የኪሺናውን ሰው ቆሜ ነው ያወቅሁት፣
በጓንቱ ቀዳዳ፣ በሳንቲሙ ሙቀት፣ በሳሉ የለየሁት።
ደረቅ ሳል አለ፣ እንደ ጣውላ የሚሰነጠቅ፣
እርጥብ ሳል አለ፣ ከደረት ጓዳ የሚፈልቅ፣
በመሐረብ የታፈነ፣ ባለቤቱ የሚያፍርበት፣
ደግሞም ሜዳ ላይ የተለቀቀ፣ ጌታው የማይጠየቅበት።

ጥር ነው።
በሩ ሲከፈት በረዶ በጫማ ይገባል፣
በሩ ሲዘጋ ሰው በሰው ላይ ይነባበራል፣
አንዱ ያስወጣውን ሌላው ይስባል።
ብድር ነው፣ ውል የሌለው፣ ምስክር ያልቆመበት፣
ከማን እንደተበደርክ ሳታውቅ
ወለዱን ቤትህ ገብተህ፣ ከልጆችህ ጋር የምትከፍልበት።

ትሮፊም ሾፌሬ ነበር።
ከፊት ተቀምጦ፣ ማጅራቱን ለሁላችን ትንፋሽ ለቆ፣
«ማን እንዳስነጠሰ በጀርባዬ አውቃለሁ» ይለኝ ነበር ስቆ።
አምና በዚህ ወር፣ ሐሙስ ዕለት ሳል ጀመረው፣
እሑድ ሆስፒታል ገባ።
በሦስተኛው ሳምንት ወንበሩን ሌላ ሰው ወረሰው።
መስታወቱ ላይ ያንጠለጠላት የቆርቆሮ ዓሣ ግን አለች፣
መንገዱ ሲጎረብጥ ትዋኛለች።
ማን እንዳቀበለው አላውቅም።
ምናልባት እኔ። ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር ያን ሰሞን፣
ቀላል ነው ብዬ፣ በሻይ አታልዬው፣ ገብቼ ነበር ሥራዬን።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ሰው ሳይሞላ፣
አራት መስኮት እከፍታለሁ፣ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።
ሁለት ጣት ብቻ። ለክቼዋለሁ፣ አይበልጥም፣
በዚያ የሚገባው ነፋስ ሻማ እንኳ አያጠፋም።

ግን ፔላጊያ አለች። ሰማኒያ ሁለት ነው ዕድሜዋ፣
ጎመን የተዘፈዘፈበት ባልዲ በእግሮቿ መሃል፣ ሦስት ዙር ሻርፕ በአንገቷ።
ትገባለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ ታማትባለች፣
ከዚያ በምርኩዟ ጫፍ ገፍታ ትዘጋለች።
«ነፋስ ጆሮ ያደነቁራል፣ ወገብ ይቆለምማል፤
ታላቅ እህቴን የገደላት ማን ይመስልሻል?»
ሰዉም ከእሷ ጋር ነው።
በእኛ አገር ኪስ አውላቂ ይማራል፣
መስኮት የከፈተ ግን አይማርም።
እሷ ገበያው ጋ ስትወርድ እከፍታለሁ፣
ባለ ባርኔጣው ይዘጋል።
ማስክ ያደረገ አንድ ተማሪ አለ፣ እንደ ሌባ ያዩታል፣
እሱም ያፍርና ከአፍንጫው በታች ያወርደዋል።
ምን ልበላቸው? ሐኪም አይደለሁም፣ ቲኬት ነው የምቆርጠው፣
የማይታይ ነገር በምን አፍ ነው ለሰው የሚገለጠው?

ማክሰኞ ዕለት፣ ውርጩ በጠነከረበት፣
መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ መስታወቱ ባላበው ሰዓት፣
አንዲት ሕፃን ወንበር ላይ ተንበርክካ
ድመት ሣለች በጣቷ።
«ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀች እናቷን።
«ትንፋሽ ነው።»
«የማን?»
እናቷ ዝም አለች።
ባለ ባርኔጣው ጉሮሮውን ሊጠርግ አስቦ ተወው።
ልጅቱ ግን ዞራ እያንዳንዳችንን አየችን፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች፣ አፋችንን ቆጠረችን።

ከድመቷ ዓይን አንድ ጠብታ ተንሸራትቶ
የፔላጊያ አይበሉባ ላይ አረፈ።
አየችው። በካፖርቷ ጠረገችው።
እንደገና ጠረገችው።
ተሳሳትኩ አላለችም፣ እሷ እንዲህ አትልም።
ሻርፗን አራተኛ ዙር ጠመጠመች፣
ምርኩዟን አነሣች፣
መስኮቱን ገፋችው።

አንድ ጣት። ሁለት አይደለም።
«ነፋስ» ስትል ሰማኋት፣ ወይም «ነፍስ»፣
በሻርፑ ውስጥ አይለይም።

የትሮፊም ዓሣ ትንሽ ዞረች።
እኔም ወደ ኋላ ሄድኩ፣
ሂሳብ ያልከፈለ ነበረ።